ለፋሲካ የተቀመጠው ክኒን

አርብ ሲሆን ከደጋውም ከቆላውም የተነሣው ሰው ረፋዱ ላይ አርብ ገበያ ከተማ ይገጥማል። አህያው ያናፋል፣ ገብሱ ይራገፋል፣ ሻጭና ሸማች ይጨቃጨቃል። ነርሷ ኢክላስ የደም ግፊት መለኪያዋን ዘርግታ የምትቀመጠው ከዚሁ ግርግር ዳር፣ በአባቷ በጁነይዲ የጨው ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ቦታውን የመረጠችው ራሷ ናት። ጤና ጣቢያው ዳገቱ ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲሸከም የሚውል ሰው ክንዱን ለማስለካት ብሎ ዳገት አይወጣም። የጨው ሱቅ በር ግን ደሀም ሀብታምም ሳይረግጠው አይውልም።

"አባትየው ይሸጡልናል፣ ልጅቱ ትከለክለናለች!" አለ ይታየው የሚባለው ተሸካሚ ክንዱን እየዘረጋ። "ማታ ቤት ስትገቡ ትታረቃላችሁ ወይስ እዚያም ጠብ ነው?"

"እኔ ተው አላልኩህም፣ ቀንስ ነው ያልኩህ። አሁን ዝም በል፤ ስታወራ ቁጥሩ ይጨምራል።"

"ሰማችሁ? ወሬም ከለከለችን!"

ጁነይዲ ከጨው ጆንያዎቹ መሀል ሆነው ሳቁ። "ተዋት ወንድሜ! ሰው ሁሉ የእሷን ምክር ቢሰማ እኔ ይኼኔ ሱቄን ዘግቼ ነበር። ደግነቱ የሚሰማት የለም።"

ኢክላስም ሳቀች፤ የአባቷ ቀልድ ግን ነካ አድርጓት አለፈ። በዚህ ወር በእርግጥም የሚሰማት ያለ አይመስልም ነበር።

ሥራዋ ጥናት ነው። አጥኚዎቹ የተነሡበት ጥያቄ ለመናገር ቀላል ነበር፤ ግፊትና ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው እየተባለ፣ በአፍሪካ ከተሞች ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረውን ሰው ለምን ይጥለዋል? ሳይጥለው በፊትስ፣ ከሥራው ሳይነቅሉት፣ እዚያው በሚውልበት መከላከል ይቻላል ወይ? ትንንሽ ከተሞችም ይታዩ ተብሎ አርብ ገበያ ከተመረጡት መሀል ገባች። ተሸካሚው፣ እህል አበጣሪዋ፣ ጠላ ሻጯ፣ ልብስ አጣቢዋ በአንድ ቡድን ተሰባሰቡ። በየሳምንቱ ይለካሉ፤ ስለ ጨው ይመከራሉ፤ ግፊቱ የባሰበት ደግሞ ክኒን በነጻ ይሰጠዋል።

ኢክላስን ወደ ሥራው የሳባት ግን ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ አያሌው ነው። አያሌው ባቻምና ክረምት የአባቷን ጨው ከመኪና ሲያራግፍ እዚሁ በረንዳ ላይ ከነጆንያው ወደቀ። ከዚያ ቀን በፊት ክንዱን የለካው ሰው አልነበረም። ዛሬ ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም፤ ሚስቱ አጉርሳ፣ ሚስቱ አጥባ፣ ሚስቱ ሠርታ ታኖረዋለች። ኢክላስ በደጃፉ ባለፈች ቁጥር፣ "ከዚህ በረንዳ ሁለተኛ ሰው አይወድቅም" ትላለች በልቧ።

ከይታየው ቀጥላ አሰለፈች ተቀመጠች። እህል አበጣሪ ናት። ባሏ ሲሞት ልጇን ሀናን ይዛ ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ በአንዲት የኪራይ ክፍል ትኖራለች። ነጋዴ የገዛውን ስንዴና ሽንብራ ከገለባና ከጠጠር ስትለይ ትውላለች፤ ሰፌዱ ከእጇ የሚወርደው ሲመሽ ነው።

"እትዬ አሰለፈች፣ ደኅና አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ? ከንፈርሽ ደርቋል።"

"ረመዳን አይደል?"

"እኛም ሁዳዴ ገባን። ዘንድሮ ሁለቱ ጾም ገጥሞ የገበያው ሰው ሁሉ ሆዱ ይጮኻል።"

ኢክላስ ለካች፤ ቁጥሩን አይታ እንደገና ለካች። መቶ ዘጠና በመቶ አሥር። ከገና በኋላ ወደ መቶ አርባ ወርዶ ነበር።

"ክኒኑን እየወሰዱ ነው?"

"አለ፣ አለ።"

"አለ ማለት?"

"አለ ማለት አልጠፋም ማለት ነው። በይ ፍቺልኝ፤ የሰው ስንዴ ሜዳ ላይ በትኜ ነው የመጣሁት።" ስትነሣ የቀኝ እጇን ጣቶች በግራዋ አሻሸች።

"እጅዎን ምን ሆኑ?"

"ይደነዝዘኛል። ቀኑን ሙሉ ሰፌድ የሚይዝ እጅ ምን እንዲሆን ኖሯል?" አለችና ወደ እህል ተራው ገሠገሠች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዶክተር መልአኩ ስልክ ደወለ። ጥናቱን ከከተማ ሆኖ የሚያስተባብር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው።

"ኢክላስ፣ የአርብ ገበያ ቁጥር ምን ነካው? ወርዶ ወርዶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ወጣ። መድኃኒቱን ይወስዳሉ?"

"ይወስዳሉ ነው የሚሉኝ፣ ዶክተር።"

"አንድም ሰው ማስወጣት አልፈልግም። ግን ወገዳ ላይ መድኃኒት አጥተው ወረፋ የሚጠብቁ አሉ። የማይውጥ ሰው ይዘን የሚውጠውን ማስጠበቅ ፍርድ አይደለም። ከሆሳዕና በፊት እመጣለሁ። እስከዚያ ያልተስተካከለውን እናስወጣለን።"

ሰውየው ያለው እውነት ነው። ኢክላስ ስልኩን ዘግታ ግን አሰለፈች ወደ ሄደችበት አየች። ያቺ እጅ ከአሁኑ መደንዘዝ ጀምራለች፤ መድኃኒቱ ከተነሣባት ደግሞ ገዝታ የምትውጥበት አቅም የላትም።

በማግሥቱ አሰለፈች ቤት ሄደች። ሀና ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ በክረምቱ መግቢያ የመልቀቂያ ፈተና ትቀመጣለች።

"እትዬ፣ ክኒኑን ላየው መጣሁ።"

"ምን ልታደርጊው? እንደሰጠሽኝ ነው ያለው።"

"እንደሰጠሻት ነው፣" አለች ሀና ቀና ሳትል። "አትወስድም እኮ።"

"አንቺ ዝም በይ! አጥኚ ተብለሽ አይደል?"

አሰለፈች ከግድግዳው ጉጥ ላይ አንድ ከረጢት አወረደች። ከውስጡ የነጠላ ቁራጭ ቋጠሮ ወጣ፤ ፈታችው። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ የተሰጣት ክኒን በሙሉ እዚያ ነበር።

"ይኸው። አንድም አልጠፋ።"

"ለምን፣ እትዬ?"

"ጠዋት ከቁርስ በኋላ ዋጪ አላልሽኝም? በሁዳዴ ቁርስ የት አለ? ቁርስ ከሌለ ክኒን የለም።"

ያለችው ራሷ ኢክላስ ናት። ለሁሉም እንዲሁ ብላ ነው የሰጠችው፤ ከላይም እንዲሁ በሉ ተብሎ ነው የመጣው።

"ታዲያ እነዚህን ምን ሊያደርጓቸው ነው?"

"ለፋሲካ ነዋ! ያለፈኝን ሁሉ እተካለሁ። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት እያደረግሁ ሃምሳውን ቀን ስውጥ እከርማለሁ።"

"በአላህ! እንደዚያ ካደረጉ ግፊቱ ባንዴ ወርዶ ይጥልዎታል። ያለፈ ክኒን አይተካም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ማታስ? ጾም ሲፈቱ ለምን አይውጡትም?"

"ጾሙ ሳይገባ አንድ ማታ ሞክሬዋለሁ። ሽንት ያመላልሳል። ሽንት ቤቱ የግቢው ጥግ ነው፤ ሌሊት የአከራዬ ውሻ ይለቀቃል። ሦስቴ ስወጣ ሦስቴ ጮኸ። ሲነጋ አከራዬ፣ 'ውሻዬን እንቅልፍ የምትነሺው ምን ሆነሽ ነው?' አለችኝ። ለእኔ እንቅልፍ ያሰበ የለም።"

"እንግዲያው እኛ እንደምናደርገው፣ ሊነጋ ሲል..."

"የእናንተ ሌሊቱ ክፍት ነው። የእኛ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የታሰረ ነው። ክፍት ቢሆንስ? ውሻው የማንን ጾም ያውቃል?"

ሀና መጽሐፏን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቀችም።

"ስሚኝ ኢክላስ። ዘንድሮ ስለት አለብኝ። ሁዳዴን ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃ በአፌ ላላዞር ለእመቤቴ ተስያለሁ። ስለቱ የዚህች ልጅ ነው። ከዚህ ቤት ሁለተኛ ሰፌድ የሚይዝ እጅ እንዳይወጣ ነው።"

"እማዬ፣ እኔ የማልፈው ሳጠና ነው።"

"አንቺ አጥኚ፣ እኔ ልጹም። ሁላችንም ሥራችንን እንሥራ።"

ኢክላስ በሚቀጥሉት ቀናት ከቡድኑ ሰው ዘንድ በየተራ ሄደች። "ወስደሃል?" ብላ መጠየቁን ተወች፤ "ቁርስህን ስንት ሰዓት ትበላለህ?" ስትል ጀመረች። ልብስ አጣቢዋ ስቃ፣ "ቁርስማ ፋሲካ ነው፣" አለቻት። ይታየውም ያንኑ አለ። የሚጾመው ሁሉ ክኒኑን ከቁርሱ ጋር አብሮ ለፋሲካ አቆይቶት ነበር።

ለዶክተር መልአኩ ደወለች። "ከቁርስ በኋላ የተባለው ግዴታ ነው ወይ?"

"አይ፣ ይኼኛው ክኒን በባዶ ሆድም ይዋጣል። እንዳይረሱት ብለን ነው ከቁርስ ጋር ያገናኘነው። ለምን ጠየቅሽ?"

ነገረችው።

"ሃምሳ አምስት ቀን ቁርስ የሌለበት አገር መሆኑን እኔም አውቃለሁ እኮ፣" አለ። "እኔ ራሴ የጾመኛ ልጅ ነኝ። አላሰብነውም። ግን ኢክላስ፣ ምክንያቱን ማወቃችን ብቻውን ግፊቱን አያወርደውም። እስክመጣ መዋጥ አለባቸው።"

ማታ ካፈጠሩ በኋላ ነገሩን ለአባቷ አጫወተቻቸው፤ ክኒኑ ያለ ቁርስ ቢዋጥም ያለ ውኃ አይዋጥም፣ ውኃው ደግሞ ጾም ይፈታል። ጁነይዲም የግፊት ሕመምተኛ ናቸው፤ በረመዳን የእሳቸውን መድኃኒት ሐኪሙ ወደ ማታ አዙሮላቸዋል።

"መምሬ መሐሪን ጠይቂ፣" አሏት። "የአሰለፈች ንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። ግን ስትሄጂ 'ጾሟን ያስፈቷት' ብለሽ እንዳትጀምሪ። እኔንም አንድ ሰው መጥቶ 'ጾምህን ተው' ቢለኝ ጆሮዬን ነው የምደፍነው። 'እንዴት ይሁን?' ብለሽ ጠይቂ።"

መምሬ መሐሪ ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ደብር ተምረው ያደጉ፣ ከመናገራቸው በፊት የሚያስቡ ቄስ ናቸው። ኢክላስ ከቅዳሴ እስኪወጡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጠበቀቻቸው።

"የጁነይዲ ልጅ! ምን እግር ጣለሽ? ባለፈው ጨው ሲሰፍርልኝ አጉድሎብኛል ብለሽ ንገሪልኝ።"

"ያጎደልኩት እኔ ነኝ፣ መምሬ። ለጤናዎ ብዬ።"

ቄሱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ኢክላስ ጊዜ ሳታጠፋ ጥያቄዋን አቀረበች። "ስለት ይዛ የምትጾም አንዲት ሴት አለች። ጠዋት የሚዋጥ መድኃኒት አላት። ካልዋጠች ትወድቃለች። ጾሙን ሳትነካ እንዴት ታድርግ?"

መምሬ በትራቸውን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ። "ስሟን አትንገሪኝ። የሰው ስለት በሌላ ሰው አፍ ወደ እኔ አይመጣም። ራሷ ትምጣ።"

"ብትመጣ የሚሏት ነገር አለ?"

"ያለውን ለባለቤቷ ነው የምነግራት።"

ኢክላስ በቀጥታ ወደ እህል ተራው ወረደች። አሰለፈች ሰፌዷን ሳታቆም አዳመጠቻትና ራሷን ነቀነቀች።

"አልሄድም።"

"ለምን?"

"'ስለትሽን ፈትቼልሻለሁ፣ ብዪ' ቢሉኝስ? አንቺን እምቢ ማለት እችላለሁ። እሳቸውን አልችልም። ስለዚህ አልጠይቃቸውም።"

"እትዬ፣ እኔ ደግሞ አልተውዎትም።"

"አትተዪኝ። መለካት ነው? ለኪኝ።" ክንዷን ዘረጋችላት። ኢክላስ ለካች፤ ቁጥሩ ጨምሮ ነበር። በማግሥቱም ሄደች፣ በሦስተኛውም ቀን። አበጣሪዎቹ ሴቶች ከሩቅ ሲያዩዋት፣ "አሰለፈች፣ አበዳሪሽ መጣች!" እያሉ ይሥቁ ጀመር። ኢክላስም ሣቁን ችላ እንደገና ትጠይቃለች፤ አሰለፈችም እንደገና እምቢ ትላለች።

ደብረ ዘይት ከመድረሱ በፊት ባለው አርብ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ የአሰለፈች ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። ሽንብራው ሜዳው ላይ ተዘራ። ጓደኞቿ መጀመሪያ ሣቁ፤ "ዛሬስ ለወፎቹ ሰፈረችላቸው!" አለች አንዷ። አሰለፈች ግን ሰፌዱን ልታነሣ ጎንበስ ብላ ቀረች። ቀኝ እጇ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሎ እምቢ አላት።

ኢክላስ ከበረንዳው አየች። መለኪያውን ይዛ በሰውና በአህያ መሀል እየተጋፋች ደረሰች። ከሁለት መቶ በላይ ነበር።

"ይታየው!" ብላ ጮኸች። "ይታየው፣ ና ቶሎ!"

ተሸካሚው የያዘውን ኩንታል እዚያው ጣለና አሰለፈችን አዘላት። ዳገቱን በሩጫ ወጡ። "እትዬ፣ አይዞሽ፤" ይላታል እያለከለከ፣ "ጨው ከተከለከልሽ ወዲህ ቀለሻል።" ኢክላስ በጎን እየሮጠች የቀኝ እጇን ይዛለች። እጁ ቀዝቃዛና ከባድ ነበር፤ አያሌው የወደቀ ዕለት የያዘችውን እጅ ይመስላል።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ተረኛዋ ሐኪም ተቀበለቻቸው። በመርፌ መድኃኒት ሰጥታ አስተኛቻት። አሰለፈች አፏ እየተሳሰረ፣ "መርፌ ጾም ይፈታል?" ስትል ኢክላስን በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

"ይኼን እኔ አልመልስልዎትም። የሚመልሱትን ያውቋቸዋል።"

ከብዙ ሰዓት በኋላ የአሰለፈች የቀኝ አውራ ጣት ተነቃነቀ። ቀጥሎ ሌሎቹ። ሐኪሟ፣ "ዛሬ አምልጠዋል። በሚቀጥለው እንዲህ ላይመለስ ይችላል፣" ብላ ወጣች። ሀና ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ እግሯ ሥር ተቀምጣለች። ከገበያው የሰበሰበችውን የእናቷን ሰፌድ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ይዛዋለች።

አሰለፈች ያንን ሰፌድ አየችው። ኢክላስ ዓይኗን ተከትላ አየች።

"እትዬ፣ እርስዎ ቢወድቁ ሰፌዱን የሚያነሣው ማን ነው?" አለች በቀስታ።

አሰለፈች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች።

"እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አድርሺኝ። ፍቺ ካሉኝ ግን አንቺ ነሽ የምትጠየቂው።"

እሁድ ኢክላስ ከቅጥሩ ውጭ፣ ሀና ከቅጥሩ ውስጥ ሆነው ጠበቁ። አሰለፈች ከመምሬ ዘንድ ብዙ ቆይታ ወጣች። ፊቷ የተናደደ ሰው ፊት ነበር።

"ምን አሉዎት?"

"ተቆጡኝ። 'ሥጋሽን አስርቢው ተባልሽ እንጂ ግደዪው መቼ ተባልሽ?' አሉኝ።"

"ስለቱንስ?"

"ስለቱን አልፈቱትም። ሥራ ነው የጨመሩብኝ!" አለችና ነጠላዋን አጥብቃ አጣፋች። "በየጠዋቱ ጎሕ ሲቀድ ጸበሉ ቦታ ትወርጃለሽ። እዚያ አንድ ኩባያ ጸበል ይሰጥሻል። ክኒኑን በእሱ ትውጪያለሽ። ጸበል ጾም አይፈታም፤ ለታመመ የታዘዘ መድኃኒትም መብል አይደለም። ማታ ውኃሽን ጠጪ። ይኼ እስከ ፋሲካ፣ ከፋሲካም በኋላ የአንቺ ሥርዓት ነው። እንዲህ አሉኝ።"

ኢክላስ አፏን በእጇ ያዘች። ማታን አሰበች፣ ሌሊቱን አሰበች፣ ውሻውን አሰበች፤ ጠዋት ክርስቲያን ጎረቤቶቿ በባዶ ሆዳቸው የሚጠጡት ጸበል ግን አንድ ቀን በሐሳቧ አልመጣም ነበር። ከየት ይምጣ?

"በፋሲካ ሁለት ሁለት ልውጥ ነበር ስላቸውማ፣" ብላ ቀጠለች አሰለፈች፣ አሁን ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ሣቅ ይዟት፣ "'እሱ ሆዳምነት ነው' አሉኝ።"

"ታዲያ ቋጠሮውን ይስጡኝ።"

"እሱን ቆይ። እናያለን።"

ወሬው በእህል ተራው ሲዳረስ ሌሎቹም በየንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። አንዱ ካህን ወዲያው ፈቀዱ፤ ሌላው "ከመምሬ መሐሪ ጋር ልመካከር" ብለው ሳምንት አቆዩ። ይታየው፣ "ሸክም ሳልጀምር ከጸበሉ መልስ ዳገት አስወጡኝ" እያለ ያማርራል፤ ግን አይቀርም። ኢክላስ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ወደ ጸበሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ትቆማለች። ሲመለሱ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። "ዋጥን፣ ዋጥን! ምላሳችንን እናሳይሽ?" ይሏታል። "አሳዩኝ!" ትላለች። እነሱም ያሳዩዋታል።

ኢድ አለፈ። ጁነይዲ መድኃኒታቸውን ወደ ጠዋት መለሱ። ከሆሳዕና በፊት ባለው አርብ ዶክተር መልአኩ መጣ፤ አቧራ የጠጣ ጃኬቱን አራግፎ በጨው ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀመጠና ራሱ ለካ። ሰው ሁሉ ተሰልፎ ያያል። የአብዛኛው ወርዷል። የአሰለፈች ተራ ሲደርስ ኢክላስ ከጎኑ ቆማ እጆቿን ቆላልፋ ያዘች።

"መቶ አርባ ስምንት፣" አለ ዶክተሩ። "ገና ነው። ግን መንገዱን ይዟል። ከምን ጋር ነው የሚውጡት?"

"በጸበል።"

ዶክተሩ ኢክላስን አያት፤ ኢክላስ ዓይኗን አልሰበረችም። "በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንድም ሳይቀር፣" አለችው። "ቆሜ አይቻለሁ።"

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣" አለች አሰለፈች። "ከሁለቱ ያወረደልኝ የቱ ነው?"

ዶክተር መልአኩ ጨርቁን ቀስ ብሎ ከክንዷ ፈታ።

"እኔ የተማርኩት ስለ ክኒኑ ነው። ስለ ጸበሉ መምሬን ይጠይቁ። ብቻ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ብለው አንዱን እንዳይተዉብኝ።"

"እኔ ልተው? ልተው ብልስ ይቺ ትለቀኛለች?" አለች ኢክላስን በአገጯ እያሳየች። ሰልፉ ሣቀ።

"ማንም አይወጣም፣" አለ ዶክተሩ ለኢክላስ። "ወገዳ ላይ ላሉትም ተጨማሪ መድኃኒት እጠይቃለሁ። ይሰጡኛል ብዬ ቃል አልገባም፤ ግን እጠይቃለሁ። እዚያም ሥራውን ስንጀምር በመጀመሪያ የምንጠይቃቸው ስንት ሰዓት እንደሚበሉና መቼ እንደሚጾሙ ነው።"

አሰለፈች ይህን ስትሰማ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮውን አወጣችና ኢክላስ መዳፍ ላይ አኖረችው።

"እስከ ዛሬ ለምን ያዙት?"

"ብታስወጡኝ ብዬ ነዋ። ደሀ የያዘውን ቶሎ አይለቅም።" ከዚያ ወደ ሱቁ ዞረች። "ጋሽ ጁነይዲ! ጨው ስፈሩልኝ። ግማሽ።"

"ይኸው! ጀመራት!" ብለው ጮኹ ጁነይዲ መስፈሪያቸውን አንሥተው። "ዶክተር፣ እባክህ ይቺን ልጅ ወደ ወገዳ ውሰድልኝ፤ ደንበኛ ጨረሰችብኝ!" ግን ግማሹን ሰፈሩላት።

አሰለፈች ወደ እህል ተራው ተመለሰች። ሀና ከትምህርት ቤት ወጥታ እናቷን ለማገዝ ደርሳ ኖሮ፣ ጎንበስ ብላ ሰፌዱን ጨብጣለች።

"አስቀምጪው።"

"ትንሽ ላግዝሽ፣ እማዬ..."

"አስቀምጪው ብያለሁ። መጽሐፍሽ የታለ?"

ሀና ሰፌዱን አስቀመጠች። አሰለፈች የቀኝ እጇን ጣቶች አንዴ ከፍታ ዘጋች፣ አንዴም ደገመች። ከዚያ ሰፌዱን በዚያው በቀኟ አነሣችና ሽንብራውን ወደ ላይ እየወረወረች አበጠረችው።